እጇ የፈጠነችው

በሕይወቴ ተወዳድሬ ያሸነፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በዶናት ነው። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የምስቀው ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማልነግረው ነው።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው። እናቴ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች። የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ውላ ስትገባ የእንፋሎትና የሳሙና ሽታ አብሯት ይገባል። ታናሼን "ድምቡሼ" ነበር የምንላት፤ ጉንጯ ሙሉ ነው፣ ያየ ሁሉ ሳይቆነጥጣት አያልፍም። እኔን ደግሞ እናቴ "የኔ ፈጣን" ትለኝ ነበር። እሷ የተቆላመጠችው በጉንጯ፣ እኔ በሥራዬ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩትም። እንዲያውም የኔው የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

አልፎ አልፎ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ልትጠይቀን ትመጣለች። ባሏ የግንባታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ቤታቸው ባለ ደረጃ ነው፤ ልጅ የላቸውም። ስትመጣ የአልጋችን ጫፍ ላይ ትቀመጥና ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ታቅፋ፣ ታክሲ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ እስክትሄድ ድረስ አትለቀውም። እርሾ የነካው ነገር በአፏ አይዞርም። "ሆዴን ይነፋኛል" ትላለች። እናቴ እንግዳዋን ምን ላቅምሳት ብላ ስትጨነቅ ነው እርሾ የሌለው ዶናት መሥራት የጀመረችው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዱቄቱ ይነፋል፤ ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይገባበታል። እንቁላልና ወተት ለብቻ ተመትተው ይጨመሩበታል። ሊጡን ማሸት ማብዛት የለም፣ ይደድራል። እርሾ ያለው ሊጥ እስኪነሳ ቁጭ ብሎ ይጠበቃል፤ ይሄኛው ግን ዘይቱ እስኪግል ካረፈ ይበቃዋል። እናቴ በጠርሙስ ትዳምጠዋለች፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጠዋለች፣ መሐሉን በለስላሳ ቆርኪ ትበሳዋለች። እንግዳው እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ትኩሱ ዶናት ይቀርባል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ በልታ ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ አልሄደችም። እኔና ድምቡሼ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተናል። ድምቡሼ የምሯን ነው፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን አቁሜአለሁ።

"ሁለቱን ማሳደግ አትችዪም" አለች አክስቴ። "ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል? አልቀሻል እኮ። አንዷን ስጪኝ።"

"እትዬ፣ ልጅ ይሰጣል እንዴ?"

"እኔ ባዕድ ነኝ? የወንድሜ ልጆች አይደሉም?"

እናቴ ብርጭቆ ስታነሳና መልሳ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ፣ "የትኛዋን?" አለች።

"እኔ ምን ቸገረኝ! እጇ የፈጠነችውን። ሰውዬው እንግዳ ይዞ የሚመጣው ሳይናገር ነው፤ በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ ነው የማውቀው። ሠራተኛ ደግሞ ገና ስሟን ሳለምደው ጥላኝ ትሄዳለች።"

"እንግዲያው እኔው ልምረጥልዎት።"

"አንቺማ የማትረባዋን ነው የምትሰጪኝ!" አክስቴ ሳቀች። "በእረፍት ቀንሽ እመጣለሁ። ሁለቱም ይጥበሱልኝ። ቀምሼ የጣፈጠኝን እወስዳለሁ። አንቺም ከጸጸት ትገላገያለሽ፤ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ልቤ ወከክ አለ። ውድድር አለ፤ ሽልማቱ ባለ ደረጃ ቤት ነው። ልጅ የፈለገ ሰው "እጇ ይፈጥናል ወይ" ብሎ እንደማይጠይቅ የሚነግረኝ አልነበረም። "ሠራተኛ" ስትል ደግሞ ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ከሥራ ስትመለስ እኔን ታለማምደኝ ጀመር። ዘይቱ መድረሱን በእንጨት ማንኪያ ጫፍ እንዴት እንደሚለይ አሳየችኝ፤ ዙሪያውን አረፋ ፈጥኖ ከከበበው ደርሷል፣ ከጨሰ አልፎበታል። ሊጡን በእጅ መዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፍ መሰብሰብ አስተማረችኝ። ድምቡሼ "እኔስ?" ስትላት፣ "አንቺ ተጫወቺ" ትላታለች። ዶናት ስጠብስ ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን ከፊቴ ላይ ትሰበስብልኛለች። ያን ያህል ቀርባኝ አታውቅም ነበር። እናቴ ከእኔ ጋር ናት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። እናቴ ሁለት ሳህን አቀረበች፤ ሰማያዊው የኔ፣ ነጩ የድምቡሼ። ለሁለታችንም ዱቄት ሰፍራ ሰጠችን፤ ከመስኮቱ ላይ የቤኪንግ ፓውደሩን ጣሳ አውርዳ አንድ አንድ ማንኪያ ጨመረችልን። ድምቡሼ ገና ሳትጀምር እስከ ክርኗ ዱቄት ሆናለች፤ እናቴ እጇን ታጥባ እንድትመጣ ወደ ውጪ ላከቻት።

ያኔ ነው ያየሁት። እናቴ ለአክስቴ ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለች፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሳፋ ጀርባ ሌላ ጣሳ አወጣች፤ ከዚያም የተቆለለ ማንኪያ ነጭ ዱቄት በድምቡሼ ሳህን ውስጥ ጨመረች። አንድ ጊዜ፤ ከዚያም እንደገና። በጣቷ አማሰለችው። ቀና ስትል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፈገግ አለችልኝ።

እርር ድብን አልኩ። የሚያስነሳውን ዱቄት እየደጋገመች ለእሷ ስትጨምርላት በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ያን ሁሉ ቀን ስታለማምደኝ የከረመችው ለማስመሰል ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ያዳላችው ለድምቡሼ ነው። እንባዬ እየመጣ ነበር፤ ግን ሊጤን ሰበሰብኩ። በእልህ ነው የሠራሁት። እጄ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም።

ዛሬ የምሠራው ኬክ ቤት ነው። አዲስ ለሚገቡ ልጆች መጀመሪያ የማሳያቸው የሁለቱን ጣሳዎች ልዩነት ነው። አንዱ ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ሌላው ሶዳ ነው። ሶዳ ሲበዛ ሊጡን ያሳብጠዋል፣ ዘይት ውስጥ ገና ከመግባቱ ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙን ሳሙና ያደርገዋል። እናቴ ሶዳውን የምታስቀምጠው ድስት ለመፈተግና ቃር ሲይዛት ለመጠጣት ነበር። ተሳስታ ነው እንዳልል ጣሳዎቹ አንድ ቦታ አልነበሩም። የሶዳውን ለማንሳት ማጎንበስ ነበረባት።

መጀመሪያ የጠበስኩት እኔ ነኝ። ዶናቶቼ ወርቃማ ቢሆኑም ትንንሾች ነበሩ። የድምቡሼ ተራ ሲደርስ እናቴ ራሷ ቆማ አገዘቻት። ሊጡ ዘይቱን ሲነካ ወዲያው ፉፍ ብሎ ተነፋ፤ የኔን ሁለት እጥፍ አከለ፤ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ቀላ፣ ጠቆረ። አለቀልኝ አልኩ። ድምቡሼ እያጨበጨበች ዙሪያዬን ዞረች።

አክስቴ ከኔ አንዱን አነሳች። አላመጠች። "ይሄ ይበላል" አለች። ከዚያ ከድምቡሼ ትልቁን መርጣ ጎረሰች። ፊቷ ኩምትር አለ። መሐረቧን አውጥታ የጎረሰችውን ሁሉ ተፋችበት።

"ምንድን ነው ያበላችኝ ይቺ ልጅ? ሳሙና ነው እንዴ?"

ድምቡሼ ክው አለች። ለቅሶዋን ለቀቀችው። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያዳላችላት ማንኪያ ጉድ አደረጋት! እናቴ ድምቡሼን ብድግ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፣ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፣ ፊቷን ፀጉሯ ውስጥ ቀበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጇ ስለተዋረደችባት የምታለቅስ መሰለኝ። ላሸነፈ ሰው ጭን ምን ያደርግለታል ብዬ እኔ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ይቺኛዋን ነው" አለች አክስቴ፣ ወደ እኔ በአገጯ እየጠቆመች።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ያለው ነው" አለች እናቴ፣ ከድምቡሼ ፀጉር ውስጥ ቀና ሳትል።

ቀሚሴን እናቴ ራሷ ተኮሰችልኝ። ኮሌታው ጉንጬን እስኪወጋኝ ድረስ ቀጥ ብሎ ነበር። ድምቡሼ ቀሚሴን ይዛ አብሬ ካልሄድኩ አለች፤ እናቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አስለቀቀቻት። እኔ አፍንጫዬን ሰቅዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ለሰፈሩ ልጆች እጄን ያወዛወዝኩላቸው ልክ እንደ ትልቅ ሰው ነው።

ባለ ደረጃው ቤት ደረጃ ነበረው፤ እኔ የወጣሁት ግን ስጠርገው ብቻ ነው። የተሰጠኝ ክፍል ከማድ ቤቱ ጎን ነው፤ ከአልጋዬ በላይ የዘይት ጀሪካን የሚደረደርበት መደርደሪያ አለ። መጀመሪያ ሰሞን አክስቴ ለእንግዶቿ "የወንድሜ ልጅ ናት" ትላቸው ነበር። ትንሽ ቆይታ "ቤት ያለችው ልጅ" አለች። ከዚያ "ልጅቷ" ሆንኩ። ትምህርት ቤት መቼ ነው የምገባው ስላት፣ "ሲደርስ" አለችኝ። በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ዘይት እጥዳለሁ፤ አክስቴ ሳሎን ሆና ስታጨበጭብ ትሪውን ይዤ እገባለሁ። ከዘገየሁ የምትመታኝ በእንጨት ማንኪያው ነው፤ ዘይት የነካው ጫፍ ልብስ እንዳያበላሽ በእጀታው በኩል።

እኔ ግን አሸናፊ ነኝ። ይህን ለማንም ከመናገር ወደኋላ አላልኩም። የቤቱን ዘበኛ እንኳ፣ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ተወዳድሬ ነው የገባሁት፤ እህቴ ወድቃ ነው" አልኩት።

"እሰይ፣ ጎበዝ" አለኝና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እንደዞረ፣ "እህትሽስ የት ናት?" አለኝ።

"እሷማ ምስኪን፣ እማዬ ጋ ቀረች።"

ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው ብዬ ተውኩት።

ናፍቆቱ የመጣው በኋላ ነው። የእናቴ የሳሙና ሽታ ትዝ ይለኝና ሆድ ይብሰኛል። አንድ ቀን ሐሳቤ ሌላ ሄዶ ዶናቱ አረረብኝ። አክስቴ በማንኪያው እጀታ ካቀመሰችኝ በኋላ፣ "እንዲህ የምታበላሺ ከሆነ እናትሽ ጋ ነው የምመልስሽ!" ብላ ጮኸችብኝ። እሷ ያለችው ለማስፈራራት ነው። እኔ ግን የተዘጋ በር የተከፈተልኝ መሰለኝ። ያመጣኝ ማሸነፍ ከሆነ የሚመልሰኝ መሸነፍ ነው። እንዴት እንደሚሸነፉ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቴ ድምቡሼን ለመርዳት ብላ አብዝታባት የጣለቻት ያቺ ዱቄት! የእናቴን ቅን ልብ እያሰብኩ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ሶዳውን አግኝቼ ደበቅኩት።

እናቴ እስክትመጣ አቆየሁት። ልትጠይቀኝ የመጣችው ድምቡሼን ይዛ ነው። ድምቡሼ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ለብሳለች፤ ኮሌታው ቀጥ ብሎ ተተኩሷል። እናቴ ሳመችኝ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ አጨበጨበች።

ሊጡን ሳቦካ እየዘፈንኩ ነበር። ሶዳውን ሳልቆጥብ ጨመርኩት። ዶናቶቹ ተነፍተው፣ ጠቁረው፣ ልክ የድምቡሼን መስለው ወጡ። ትሪውን ይዤ ስገባ የሚሆነውን ሁሉ በሐሳቤ አየሁት። አክስቴ ቀምሳ ትተፋዋለች፣ ትጮሃለች፣ "ይዘሽልኝ ሂጂ!" ትላለች፤ እኛም ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን እንወጣለን።

እንግዳ ናትና መጀመሪያ ያቀረብኩት ለእናቴ ነው። ጎረሰች። መንጋጋዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በደስታ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ መንጋጋዋ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አላመጠች፣ ዋጠች።

"ግሩም ነው" አለች።

አክስቴ እጇን ወደ ትሪው ዘረጋች። እናቴ ቀድማት ትሪውን ወደ ጉልበቷ ሳበችው። "እትዬ፣ ይሄ ቀዝቅዟል፤ ለእርስዎ ትኩስ ትጥበስልዎት። ይሄን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ የልጄ እጅ ናፍቆኝ እኮ ነው!"

"አንቺ፣ እንዲህ ትበያለሽ እንዴ?" አክስቴ ሳቀች።

በላች። ሁለተኛውን በላች፣ ሦስተኛውን በላች፣ በሻይ እያወራረደች በላች። ድምቡሼ አንድ ልታነሳ ስትል እናቴ እጇን ቸብ አደረገቻት። እኔ በር ላይ ቆሜ ግራ ገባኝ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ለድምቡሼ እንኳ እስክትነፍጋት ድረስ የኔን ዶናት ትወደዋለች! ልጇን ከመርዝ የምትከላከል እናት እያየሁ መሆኔ አልገባኝም። መርዙን የጠበስኩት እኔ፣ የምትከላከለው ደግሞ ሌላዋን ልጅ ነበር።

ትሪው ሲያልቅ እናቴ "ላግዛት" ብላ ማድ ቤት ተከተለችኝ። በሩን ገፋ አደረገችው። የቀረውን ሊጥ አንስታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠችው።

"አውቀሽ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አዎ! እማዬ፣ ተሸነፍኩ እኮ። ይመልሱኛል።"

ትከሻዬን ያዘችኝ። የካውያ እጀታ ያደነደነው መዳፏ በቀሚሴ በኩል ተሰማኝ። ታቅፈኛለች ብዬ ጠጋ አልኳት።

"ስሚኝ" አለች። "አንቺ ከተመለስሽ እሷን ነው የሚወስዷት። እሷ ደግሞ አትችለውም። አንቺ ትችያለሽ። ገባሽ?"

"እኔ ግን ቤት እፈልጋለሁ።"

"አውቃለሁ። ገባሽ ወይ ነው ያልኩሽ?"

ገባኝ አልኩ። የገባኝ ጠንካራዋ እኔ እንደሆንኩ ነው፤ እናቴ ትልቁን አደራ ለእኔ እንደሰጠችኝ ነው። በዚያ እምነት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አድጌም ብዙ ምክንያት ፈልጌላታለሁ፤ ድህነቱን፣ ድካሙን፣ የድምቡሼን ትንሽነት። ድምቡሼ ከኔ የምታንሰው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። እውነቱ አጭር ነው፤ እሷን ትወዳት ነበር፣ እኔን ትፈልገኝ ነበር።

አዲስ ዱቄት ራሷ ሰፍራ ሰጠችኝ። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨመረችና ማንኪያውን ፊቴ ላይ አቆመችው። "ይቺን ብቻ" አለች። ቆማ አየችኝ። ትኩሶቹን ይዘን ስንገባ አክስቴ ቀምሳ፣ "አሁን የራስሽን ሠራሽ" አለችኝ። እናቴ የተረፉትን ለድምቡሼ በወረቀት ጠቀለለችላት።

ሲሄዱ ከማድ ቤቱ መስኮት ሆኜ በአጥሩ ፍርግርግ በኩል አየኋቸው። በሩን እንደወጡ እናቴ አጥሩን ተደግፋ አጎነበሰች። ሰውነቷ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይናጣል። ድምቡሼ ጀርባዋን ታሻሻታለች።

"ጋሼ!" ብዬ በመስኮት ተጣራሁ። "አየኸው? እማዬ ለኔ እያለቀሰች ነው!"

ዘበኛው አላየኝም። ውሃ በጣሳ ቀድቶ ይዞላት ወጣ። እናቴ ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ እንደገና ተጉመጠመጠች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ድምቡሼ ከወረቀቱ አንድ ዶናት አውጥታ ገመጠች፣ ጣፈጣትና ሳቀች። ከዚያ እናቴ እጇን ይዛት መንገዱን ተሻገሩ። እኔ አንገታቸውን ያዞሩልኛል ብዬ እጄን ሳወዛውዝ ቆየሁ።